ዋስ የጠፋበት ቅዳሜ

ይቺን አባባል ዛሬ ዛሬ ልጆች ሳይቀሩ ይሏታል። ታክሲ ውስጥ ሰምቻት ብቻዬን የሳቅኩበት ቀን አለ። ጥንት የነበሩ አባቶች የተናገሯት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ኧረ ወዲያ! እኔው ቆሜ እየሰማሁ፣ በእኛው ከብት ተራ ነው የተባለችው። የተናገሯትንም ሰው እጃቸውን ስሜ አውቃለሁ።

የግራር አምባ ከብት ተራ አሁን የለም፤ ፎቅ ተሠርቶበታል። ያኔ ግን ቅዳሜ ሲሆን ወሎ ሁሉ እዚያ የወረደ ይመስል ነበር። አቧራው፣ የበሬው ማግሳት፣ ግራሩ ሥር የሚሸጠው ሸንኮራ እንዴት እንደሚናፍቀኝ። ደንቡ ደግሞ የታወቀ ነው፤ በሬ የሚሸጥ ሰው ዋስ ይጠራል። በሬው የተሰረቀ ቢሆን፣ ሻጩም ቢሰወር፣ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ከሁሉ የሚታመኑት ዋስ አባ ሙሔ ነበሩ። እሳቸው «አውቀዋለሁ» ካሉ ነገር አለቀ። የልጅ ልጃቸው ሉባባ ዐረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ስለ እሷ ግን ማንም ፊታቸው አያነሳም።

እኛ አራት ሴቶች ነበርን። ሁላችንም ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርተን የተመለስን ነን፤ ፓስፖርታችንን የተቀማን፣ በር የተቆለፈብን፣ ደመወዝ ስንጠይቅ የተደበደብን። ሌላ ልጅ የእኛ ዕጣ አይድረሳት ብለን ትንሽ ማኅበር አቋቋምን። ንብረታችን አንዲት ክፍል ቤትና በውሰት ያገኘነው ድምፅ ማጉያ ነው። «ልጆቻችሁን ለደላላ አትስጡ» እያልን መንደር ለመንደር ዞርን። ማን ሊሰማን። «እናንተ ሄዳችሁ መጥታችሁ፣ የእኛ ተራ ሲደርስ ምቀኝነት መጣ» ይሉናል። እኔማ ልተወው ነበር። ተስፋ ያልቆረጠችው ሊቀመንበራችን ጦይባ ብቻ ናት።

አንድ ቅዳሜ አያ ይማም በሬ ሊገዙ መጡ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጃቸውን ዘምዘምን አንድ ደላላ ይዟት ሊሄድ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሻንጣዋን ይዛ ግራሩ ሥር ተቀምጣለች፤ ደላላውም ጥቁር መነጽሩን አድርጎ አጠገቧ ቆሟል። እኔና ጦይባ ወሬውን ሰምተን እየሮጥን ነው የደረስነው። ወደ ከተማ የሚወስዳቸው ሚኒባስ ሳይነሳ ካላስቀረናት፣ እኛ ያየነውን ልታይ ነው።

አያ ይማም ግን ሐሳባቸው በሬው ላይ ነው። ጥርሱን አዩ፣ ሻኛውን ዳሰሱ፣ ወዲያ ወዲህ አስኬዱት። በመጨረሻ ሻጩን «ዋስ ጥራ» አሉት። ሻጩ የማዶ አገር ሰው ስለሆነ አባ ሙሔን ፍለጋ ሄደ። አያ ይማም ያን ሁሉ ጊዜ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ። አባ ሙሔ ከመስጊድ መጥተው «ቤቱንም ዘመዱንም አውቃለሁ፤ ዋሱ እኔ ነኝ» እስኪሉ ድረስ የበሬውን ገመድ አልነኩም።

ጦይባ ይሄን ሁሉ አይታ ወደ አያ ይማም ጠጋ አለች።

«አያ ይማም፣ ያማረ በሬ ነው። አላህ ይባርክልዎ።»

«አሚን፣ ልጄ።»

«ምነው ሰውየውን እንዲህ አንከራተቱት?»

«የማላውቀውን ሰው በሬ ዝም ብዬ ልቀበል? ሞኝ መሰልኩሽ እንዴ?»

«እሱስ ልክ ነዎት። ያ ባለመነጽሩስ የማን ልጅ ነው?»

አያ ይማም ዞር ብለው አዩት። «እንጃ። አነጋገሩ ግን የጨዋ ልጅ ነው።»

«ቤቱስ?»

«ከተማ ነው ብሎኛል።»

«ዋሱስ ማነው?»

ሰው መሰብሰብ ጀመረ፤ በሬ ሻጩ ሳይቀር ጆሮውን ጣለ። አያ ይማም ቀስ ብለው ወደ ደላላው ሄዱና፣ ቅድም በሬ ሻጩን እንዳሉት፣ «ዋስ ጥራ» አሉት።

ደላላው ሳቀ። «አባቴ፣ ይሄ እኮ የከብት ንግድ አይደለም። እኔን ይመኑኝ።»

«እምነቱ ይቆየን። አንድ የሚያውቅህ ሰው ጥራ።»

ደላላው ዙሪያውን አየ። በዚያ ሁሉ ገበያተኛ መሐል አንድም «አውቀዋለሁ» የሚል ጠፋ። «ወንድሜ ከተማ አለ፤ ይዤው መጣሁ» አለና ሚኒባሱ ላይ ወጣ። ዘምዘም ልትከተለው ስትነሳ አባቷ ክንዷን ያዙ።

«ዋሱን ይዞ እስኪመጣ ከእኔ ጋር ትቆያለሽ» አሏት። አኮረፈች፣ አለቀሰች፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች።

ማጉያውን በማግስቱ ለባለቤቱ መለስን። ከዚያ ወዲያ ሥራችን በየቅዳሜው ከብት ተራ አግዳሚ ዘርግቶ መቀመጥ ሆነ። ልጁን ሊልክ ያሰበ ወላጅ ሲመጣ፣ የሚወስዳት ሰው ዋሱ ማን እንደሆነ እንጠይቀዋለን፤ ዋስ አለኝ ያለውን ደላላ ቤቱ ድረስ ሄደን እናጣራለን። ሁሉንም አስቀረን አልልም፤ ተደብቀው የሄዱብን አሉ፣ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ዘምዘም ግን ይኸው ልብስ ሰፊ ናት፤ የለበስኩትን ቀሚስ የሰፋችው እሷ ናት።

ያን ቅዳሜ ደላላውን እስከ አሥር ሰዓት ጠበቅነው። ገበያው ተበተነ፤ ሚኒባሱ ሄዶ ተመለሰ፤ እሱም ወንድሙም የሉም። አባ ሙሔ ከእኛ ጋር ቁጭ ብለው መንገዱን ሲያዩ ቆይተው፣ «አርባ ዓመት ለሰው ከብት ዋስ ሆንኩ። ሉባባዬን የወሰዳትን ሰው ግን ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም» አሉ። የጥምጣማቸውን ጫፍ ስበው ዓይናቸውን ጠረጉና አያ ይማምን ትከሻቸውን ይዘው እንዲህ አሏቸው፦ «አይ የእኛ ነገር፣ በሬ በዋስ፣ ልጅ በምላስ።»