ሳይጠቁር የተለቀመ አጋም

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ አልወጣም ብሎ እስከ ጥቅምት ድረስ ባካፋበት ዓመት፣ አንድ ያረጀ አንበሳ ከዋሻው ደጅ ተኝቶ አጋም እስኪደርስ ይጠብቅ ነበር። አንበሳና አጋም ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር፣ እሱም ጥርሱ ሲያልቅ ያየዋል። ይህ አንበሳ ሥጋ ማላመጥ ካቃተው ሦስት ዓመት ሆኖታል። በዓመት አንድ ቀን ልቡ ደስ የሚለው አንዲት አህያ አብስላ የምታመጣለትን አንድ ምንቸት አጋም ሲበላ ብቻ ነበር።

አህያዋ ደግሞ ሥራውን ታውቅበታለች። ፍሬውን በከንፈሯ ጫፍ አንድ በአንድ ነካ ታደርገዋለች። የጠቆረው ሲነኩት ይለቃል፤ ቀዩን ግን በግድ ካላቀቁት ነጭ ወተት ያወጣል፣ ወተቱም እንደ ሙጫ ይይዛል። የለቀመችውን በዝግታ እሳት ትቀቅላለች፣ ቆዳው ሲፈነዳ ዘሩን ታወጣለታለች፣ ከእሳት ሲወርድ ማር ጠብ ታደርግበታለች። ስለዚህ ውለታዋ አንበሳው ጅብ እንዳይነካት ቃል ገብቶላት ነበር። በዚያ አገር ሳር ግጣ የምታድረው በዚህ ቃል ነው።

ዘንድሮ ግን ፀሐይ ጠፍቶ አጋሙ አልጠቆረም። አንበሳው ታገሠ፣ ታገሠና አህያዋን አስጠራት።

«ጌታዬ፣ ገና ቀይ ነው» አለችው። «ሁለት ሳምንት ፀሐይ ካገኘ ይደርሳል።»

«ሁለት ሳምንት ለአንቺ ምንም አይደለም፤ ለእኔ ዕድሜ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ካላመጣሽ ቃሌን አንሥቻለሁ።»

ጅብ ይህን ወሬ ሰማ። ዝም ብሎ ሦስት ቀን ቢተኛ ኖሮ አህያዋ በአራተኛው ቀን የእሱ ነበረች። ግን ጅብ ቸኩሎ ቀንድ ነከሰ የተባለው ያለ ነገር አይደለም፤ መጠበቅ አልፈጠረበትም። ተነሥቶ ቀበሮን ሊያማክር ሄደ።

ቀበሮ አጋም ነፍሷ ነው፤ እሾሁን ግን ትፈራለች። ትንሽ አሰበችና፣ «አያ ጅቦ፣ ቀድመህ አንተ ብታቀርብለት አህያዋን ራሱ ይሸልምሃል። አንተ ልቀም፣ እኔ አበስላለሁ» አለችው።

ጅብ እስኪመሽ ጠብቆ ወጣ። ኑሮው በጨለማ ነውና ቀን መልቀም አልሆነለትም። በጨለማ ደግሞ ቀዩም ጥቁሩም አንድ ነው። ሁሉም የበሰለ መስሎት ቅርንጫፉን በጥርሱ እየገነጠለ የአገሩን ብቸኛ የአጋም ቁጥቋጦ ዙሪያውን ባዶ አስቀረው። አንዷን ፍሬ እንኳ አልቀመሰም፣ ሆዱን ለአህያዋ ቆጥቦ ነበር። ቀበሮ ይህ እንደሚሆን ታውቃለች፤ አልነገረችውም። ቀድመው የጠቆሩት ጥቂቶቹ ይበቋታል። እያማሰለች፣ ልቅመሰው እያለች እነሱን ለቃቅማ በላችና ቀዩን ለምንቸቱ ተወችለት።

በነጋታው አህያዋ ቅሏን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የደረሰውን ልትፈልግ መጣች። ቅርንጫፉ መሬት ላይ ተዝረክርኳል፣ ከየስብራቱ ነጭ ወተት ይንጠባጠባል። ለአጋሙ አዘነች ብንል ውሸት ነው፤ መጀመሪያ ያዘነችው ለነፍሷ ነበር። ልሽሽ አለች፣ ግን ወዴት? ጅብ የሌለበት አገር አታውቅም።

ወዲያው ጅቡ ያልደፈረው፣ እሾህ ከእሾህ የተቆላለፈበት የቁጥቋጦው መሐል ታያት። አንገቷን አስገባች። ከንፈሯ ደማ፣ ጆሮዋ ተቧጨረ። በመጨረሻ ዓለት የተደገፈች አንዲት ቅርንጫፍ አገኘች፤ ፍሬዎቿ በዓለቱ ሙቀት ቀድመው ጠቁረዋል። ቢሰበሰቡ እፍኝ አይሞሉም። ምንቸት ሙሉ ለለመደ ጌታ እፍኝ ይዞ መቅረብ ያስፈራል፤ እሷ ግን ያንኑ አብስላ መንገድ ጀመረች።

ከዋሻው ስትደርስ ጅብና ቀበሮ ቀድመዋታል። አንበሳው ከጅቡ ምንቸት አንድ ጊዜ ልሶ ፊቱን አዞረ፤ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆበት ነበር። እንደ ምንም አላቅቆ፣ «አንተው ብላው» አለው። ጅብ ብላ ከተባለ አይጠይቅም። ምንቸቱን ጥርግ አደረገና ሽልማቱን ሊጠይቅ ሲል አፉ አልከፈት አለው። ቀበሮ እኔ የለሁበትም ለማለት አፏን ስትከፍት ምላሷ ወይን ጠጅ መስሏል። አንበሳው አያትና፣ በይ ሂጂ አላት።

አህያዋ ቅሏን አስቀመጠች። አንበሳው ሁለት ጊዜ ላሰና አለቀ።

«ሌላውስ?»

«የለም፣ ጌታዬ። ተሰባብሯል። አጋም ከተሰበረ እንደገና እስኪያፈራ ሦስት ክረምት ይፈልጋል።»

አንበሳው ከዕድሜው ሦስት ክረምት እንደማይቀረው ያውቃል። እንዲህ አላት፦

«የሰበረው ጅብ ነው። ያሰበረው ግን እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ባልል ኖሮ ማንም አይነካውም ነበር።»

አህያዋ ባዶ ቅሏን አነሣች። እውነት ነው፤ ጌታን ግን እውነትዎን ነው ማለት ይከብዳል።

«ከእንግዲህ አጋም አምጪ ብዬ አላስጨንቅሽም። እስካለሁ ድረስ ጅብ አይነካሽም» አላት። እሷም ዕድሜ ይስጥዎ አለችው፤ ከልቧ ነበር።

አንበሳው በቀጠረው በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ቆመ። ለአጋም የሚሆን ጥሩ ፀሐይ ወጣ፣ ሁለት ሳምንትም ሳይደመን ቆየ። አንበሳው ደጁ ላይ ተኝቶ ያንን ፀሐይ ሲሞቅ ሰነበተ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጊዜው ሲደርስ ሊመጣልን የነበረውን ነገር ብዙ ጊዜ የሚያሳጣን ቀማኛ ሳይሆን የገዛ ጥድፊያችን መሆኑን ነው።