የበቅሎዋ ጭን

እንስሳት ጭንቀታቸውን በአፋቸው በሚናገሩበት ዘመን፣ የአንዲት በቅሎ ጭን ዝንብ ሳያርፍበት ይርገበገብ ጀመር።

«የሞት ምልክት ነው» ብላ ዓይኗን ከጭኗ ላይ መንቀል አቃታት። መጋጥም ተወች።

በበጋ የቅርቡ ምንጭ ሲደርቅ መንጋው ወደ ሩቁ ወንዝ ተነሣ።

«ነይ እንጂ፣ እመት በቅሎ!» አላት ሽማግሌው በሬ። «የኔም ጭን ከወይፈንነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። እሱ እየተርገበገበ፣ እኔ እያረስኩ፣ አብረን ሸመገልን።»

«ያንተ ሌላ ነው፣ አያ በሬ። የኔ ሳየው ይተዋል፣ ስዘነጋው ይነሣል። እዚሁ ሆኜ ልጠብቀው።»

መንጋው ከቀናት በኋላ ሲመለስ በቅሎዋን ውሃ ጥም ገድሏት አገኘ። አንገቷ ወደ ጭኗ እንደ ዞረ ነበር።

በሬው አጠገቧ ቆመ። የራሱ ጭን ተርገበገበ። ጎንበስ ብሎ የደረቀውን ሣር መጋጥ ጀመረ።