ፀሐይ የተከለከለው ጺሞ

ተረት ልጀምር ነው። ጆሮ ያለው ይስማ፤ የሰማውን ማሳበጥ የሚወድ ደግሞ አፉን ይያዝ፤ ዛሬ የመጣሁት በእሱ ነው።

ብርዱ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት በደብረ ብርሃን አንድ ጺማም እንሽላሊት ነበር። ጺሙ የፍየል ጺም እንዳይመስላችሁ፤ አገጩ ሥር ያለ፣ እሾህ እሾህ የሚል፣ ሲቆጣ የሚነፋው ነገር ነው። የበረሃ ፍጡር ነው። ጌታው የመንገድ መሐንዲስ ነበርና ኔትወርክ ወደሌለበት ቆላ ለሥራ ሲሄድ፣ ከነመስታወት ሳጥኑ ለልብስ ሰፊዋ ለተናኘ "አደራ!" ብሎ ሰጣት። ተናኘም ጺሞ ብላ ጠራችው። ወደደችውም፤ ምን አለፋችሁ፣ እንደ ልጇ ወደደችው።

መሐንዲሱ ከሄደ ወዲያ የጺሞ ማሞቂያ አምፖል ተቃጠለ። ጺሞ ቀዘቀዘ፣ ጠቆረ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ተናኘ የጎመን ቅጠል አቀረበችለት።

"ብላልኝ እንጂ ጺሞዬ!"

"ሆዴ ውስጥ ብርድ ተቀምጦ ጎመኑ የት ይግባ? ፀሐይ አሙቂኝና እበላለሁ።"

አዎ፣ ተናገረ። ተረት ነው አልኳችሁ እኮ!

"ፀሐይማ አይሆንም! ምች ይመታህና ትሞትብኛለህ። እትዬ ጌጤነሽ ነግረውኛል" አለችና ጋቢ ደረበችለት። የራሱ ሙቀት የሌለውን ፍጡር ጋቢ ምን ሊያደርግለት? ቅዝቃዜውን ታቅፎ ተኛ።

ለተናኘ አደራ በላ መባሉ አንድ ነገር ነው፤ የባሰው ግን ጺሞዋ እያየችው ሊሞት ነው። እየሮጠች ጎረቤቷ እትዬ ጌጤነሽ ዘንድ ሄደች።

"እትዬ! ጺሞ ጎመን አልበላ አለ፤ እኔም ጺሞን ፀሐይ አላወጣ አልኩ። እባክዎ፣ ምች ይመታዋል፣ ይሞታል ያሉትን ቃል ቢያጥፉልኝ?"

"እኔ ጌጤነሽ ቃሌን ላጥፍ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ!"

"ጺሞ ራሱ እኮ ነው ፀሐይ አሙቂኝ ያለኝ።"

"ስለ እንሽላሊት እንሽላሊት ምን ያውቃል? እኔ የሰማሁት ከፀጉር አስተካካዩ ከደምሰው ነው። ደምሰው ሳያጥፍ እኔ አላጥፍም!"

ይህን ሁሉ የሚሉት ግድግዳ ተደግፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ፀሐይ እየሞቁ ነው። አይ እትዬ!

ተናኘ ወደ ደምሰው ከነፈች። ደምሰው የአንድ ሰውዬ ግማሽ ራስ ላጭቶ ግማሹን ሊቀጥል ነበር።

"ጋሽ ደምሰው! ጺሞ ጎመን አልበላ አለ፤ እኔ ጺሞን አላወጣ አልኩ፤ እትዬ ጌጤነሽ ቃላቸውን አላጥፍ አሉ። አንተ ብታጥፍልኝ?"

"ኧረ በስመአብ! ይሞታል ብያለሁ እንዴ? ምች ይመታዋል ነው ያልኩት። ሞቱን የጨመሩት እሳቸው ናቸው!"

"እሺ፣ ምቹንስ?"

"ምቹን አላጥፍም። ደንበኛ ፊት ውሸታም ልባል? የሰማሁት ከሽንኩርት ሻጯ ከአሰገደች ነው። አሰገደች ሳታጥፍ እኔ አላጥፍም!"

"እኔንስ የምትጨርሰኝ መቼ ነው?" አለ ግማሽ ራሱን የተላጨው ሰውዬ። ማን ሰምቶት!

ተናኘ ጉሊት ደረሰች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"አሰገደች! ጺሞ ጎመን አልበላ አለ፤ እኔ ጺሞን አላወጣ አልኩ፤ እትዬ ጌጤነሽ አላጥፍ አሉ፤ ጋሽ ደምሰው አላጥፍ አለ። አንቺ ብታጥፊልኝ?"

"ምች? ኧረ ምች የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም! ፀሐይ ጠላቱ ነው ነው ያልኩት።"

"እሱንስ ከየት አመጣሽው?"

"ከባለ ባጃጁ ከውብሸት። ለተናኘ ንገሪልኝ አለኝ፤ እኔም ያንቺ ሰፈር ሰው ነው ብዬ ለጋሽ ደምሰው ነገርኩት። በይ ሂጂ፣ ውብሸት ሳያጥፍ እኔ አላጥፍም!"

ተናኘ በመንገዷ ቤቷ ጎራ አለች። "ጺሞ!" ብትል መልስ የለም። ዓይኑንም አልገለጠ። ይሄኔ አለቀሰች፤ እያለቀሰች ውብሸትን ፍለጋ ሮጠች።

"ውብሸት! ጺሞ ጎመን አልበላ አለ፤ እኔ ጺሞን አላወጣ አልኩ፤ እትዬ ጌጤነሽ አላጥፍ አሉ፤ ጋሽ ደምሰው አላጥፍ አለ፤ አሰገደች አላጥፍ አለች። አንተም አላጥፍ ካልክ ጺሞዬ መሞቱ ነው!"

"ቆይ፣ ቆይ! እኔ ጠላቱ ነው አላልኩም። ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጠው ብሏል መሐንዲሱ፣ ንገሪልኝ ነው ያልኩት።"

"መሐንዲሱ ያለህ ይኸው ነው? እስቲ በደንብ አስበው!"

ውብሸት ራሱን አከከ። ደግሞ አከከ። ከዚያ ግንባሩን በጥፊ አጮለው።

"ወይ ጉዴ! መሐንዲሱ መናኸሪያ ሳደርሰው ያለኝ እንዲህ ነው፦ 'ሳጥኑ ውስጥ ዘግታ ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጠው፤ መስታወቱ ግሎ እንደ ድስት ይቀቅለዋል። አምፖሉ ከተቃጠለ ግን ከሳጥኑ እያወጣች ፀሐይ ታሙቀው፤ ሲበቃው የሚጠጋበት ጥላ አጠገቡ ይኑር፤ ከአጠገቡም አትራቅ።' እኔ ደግሞ ተሳፋሪ ሲጠራኝ ሳጥኑንም የቀረውንም ዋጥኩት። አጥፌያለሁ! በይ ግቢ!"

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይላሉ አባቶቻችን። እነዚህ ግን መላውን ትተው ወሬውን ጨመሩ፤ አንዷ ጠላት፣ አንዱ ምች፣ አንዷ ሞት።

ባጃጇ በረረች። ውብሸት አጠፈ፤ ውብሸት ሲያጥፍ አሰገደች አጠፈች፤ አሰገደች ስታጥፍ ደምሰው አጠፈ፤ ደምሰው ሲያጥፍ እትዬ ጌጤነሽም "ሁሉ ካጠፈማ እኔ ብቻዬን ምን አቆመኝ?" ብለው አጠፉ። ተናኘም ጋቢውን ገልጣ፣ ጺሞን ከሳጥኑ አውጥታ ድንጋይ ላይ አጋደመችው። ግማሹን ድንጋይ በጃንጥላ አጠለለችው። ሁሉም ዙሪያውን ቆሙ፤ ግማሽ ራሱን የተላጨው ሰውዬም አለ።

ጺሞ አልተንቀሳቀሰም።

"ጺሞዬ፣ በሞቴ! ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንተን መስማት ነበረብኝ" አለች ተናኘ፣ እንባዋ ጠብ ጠብ እያለ። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩት። እትዬ ጌጤነሽ እንኳ!

ቆየት ብሎ ጥቁረቱ ገፈፍ፣ ገፈፍ አለ። ጀርባው ወደ ቢጫ አደላ። አንዱ ዓይን ተገለጠ፣ ሌላውም ተከተለ። ከዚያ ጺሞ አፉን በሰፊው ከፈተ።

"ኧረ ም..." ብለው ጀመሩ እትዬ ጌጤነሽ። ሁሉም ዞረው አፈጠጡባቸው።

"ምን ያምራል ልል ነው እንጂ!" አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣሉ።

"የሞቀው እንሽላሊት እንዲህ አፉን ይከፍታል፤ ምችም ሞትም አይደለም" አለ ጺሞ፤ ከድንጋዩ ወደ ጥላው ጠጋ ብሎ። "አሁን ጎመኑ የታለ?"

ተናኘ ቅጠሉን ዘረጋችለት። ጺሞም ካርሽም፣ ካርሽም አድርጎ በላላት። እሰይ የኔ አንበሳ! ስትስቅ እንባዋ፣ ስታለቅስ ሳቋ ይቀድማት ነበር።

ተረቴ አለቀ። ለሌላ ስታወሩት እንዳትጨምሩ፤ ይልቁንም እንዳትቀንሱ።