አርማው ሲታጠብ

አቶ ክንዱ የሚባሉ የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። ለድርጅታቸው አዲስ አርማ አሠሩና ከሳሙናው ይልቅ በአርማው ይኮሩ ጀመር። በሠራተኛው ሁሉ ነጭ ጋዋን ላይ፣ ልክ ደረቱ ላይ፣ አሳተሙት። ጠዋት ጠዋትም ሠራተኛውን አሰልፈው የቀለሞቹን ትርጉም እንደ ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። "አረንጓዴው?" ሲሉ "እድገታችን"፣ "ቢጫው?" ሲሉ "ትርፋችን"፣ "ነጩ?" ሲሉ "ታማኝነታችን" ካልተባለ ሥራ አይጀመርም።

አንድ ቀን ትልልቅ ነጋዴዎች ፋብሪካውን ሊጎበኙ መጡ። አቶ ክንዱ እየመሩ ሲያስጎበኙ ዐይናቸው አንዲት ሳሙና አሻጊ ላይ አረፈ። ደረቷ ላይ ካለው አርማ አረንጓዴው ጠፍቷል፤ ቢጫውም ፈሶ ነጩን አቆሽሾታል። በእንግዶቹ ፊት አዋርደው ሊያባርሯት ቆረጡ።

"አርማዬን ምን አድርገሽ ነው እንዲህ ያበላሸሽው?"

"አጠብኩት፣ ጌታዬ።"

"በየትኛው የመንደር ሳሙና?"

"በእኛው ሳሙና ነው።"

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ክንዱ ላብ ላብ አላቸው።

"ታዲያ ሳሙናዬ መጥፎ ነው ልትይ ነው?"

"ኧረ እንዴት ተደርጎ፣ ጌታዬ። ሳሙናችንማ ግሩም ነው፤ እድገታችንን በአንድ እጥበት ሙልጭ አድርጎ አስለቀቀው። ትርፋችን ታማኝነታችን ላይ ያሳረፈው እድፍ ግን ባሸው ባሸው እምቢ አለኝ። እሱ እንኳን በእኛ ሳሙና በበረኪናም አይለቅ።"