የባሻ ጥላዬ ለቅሶ በጋሽ አጥናፉ ሱቅ

በዋንዛ ሰፈር አንድ ሰው የሚያስፈልገውን ሰጥቶ የሚያምረውን ሲቀበል፣ ቆይቶም የሰጠውን ሲፈልግ ከታየ፣ ጎረቤቶቹ ፈገግ ይሉና አንዲት አጭር ቃል ይጥሉበታል። ቃሏን ዛሬ ሌላውም ሰፈር ለምዷታል። ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ መውጣቷን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ልብስ ሰፊው ጋሽ አጥናፉ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፉት በሰው በረንዳ ላይ ነው፤ ዛሬ የመድኃኒት ቤት በረንዳ፣ ነገ የጫማ ቤት በረንዳ። ባለቤቱ በተቀየረ ቁጥር የስፌት መኪናቸውን ተሸክመው ይነሣሉ። ዝናብ ሲያዘነብል የሰው ጨርቅ እንዳይበላሽ በጀርባቸው ከልለው ይቆማሉ። የሰፈሩ እድር ዳኛም እሳቸው ነበሩ። በእድሩ ስብሰባ ቃላቸውን የሚያልፍ የለም። በረንዳ ላይ ግን ማንም መጥቶ «እስቲ ከዚህ ይነሡ» ይላቸዋል። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላቸው ነበር።

አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው ከሥር ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ያለው ፎቅ ሊሠራ መሆኑ ሲሰማ ሰፈሩ በየፊናው ተንጫጫ። ወጣቱ መጸዳጃ ቤቱ ከውስጥ ነው ሲባል ደስ አለው። ዶሮ የሚያረቡት ተከዙ። አንዷ ሴት በርበሬ የት እንደሚሰጣ ብትጠይቅ «ጣራው ላይ፤ ለፀሐይ ትቀርቢያለሽ» ብለው ሳቁባት። ጋሽ አጥናፉ መሐንዲሱን ለብቻው ይዘው የጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው።

«ሱቁ በር አለው?»

«አለው።»

«ቁልፉ በማን እጅ ነው?»

«በርስዎ።»

ከዚያ ወዲያ የጠየቁት የለም።

በሰፈሩ መሐል አንድ ትልቅ ዋንዛ የቆመበት ሰፊ ደጅ ነበር። ሰርግም ለቅሶም ሲመጣ የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው። በፎቁ ንድፍ ላይም ደጁ ክፍት ሆኖ ይቀር ነበር። መሐንዲሱ ረጋ ያለ፣ የማይዋሽ ሰው ነው። ሰውን ዋንዛው ሥር ሰበሰበና እንዲህ አለ፦

«ቦታው ጠባብ ነው። ይህን ደጅ ክፍት ከተዋችሁት ሱቅ ለሁላችሁም አይዳረስም። ደጁን ከሰጣችሁ ይዳረሳል። ምርጫው የናንተ ነው።»

እማማ ዘርትሁን ከባለቤታቸው ከባሻ ጥላዬ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። በሰፈሩ የሳቸው እንባ ያልፈሰሰበት ለቅሶ፣ የሳቸው እልልታ ያልተሰማበት ሰርግ የለም። ባሻ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ጆሯቸው ከብዷል።

«ድንኳኑን የት ልትተክሉት ነው?» አሉ እማማ ዘርትሁን።

«አዳራሽ እንከራያለን» አሉ ጋሽ አጥናፉ። «ዘመኑ የአዳራሽ ነው።»

«አዳራሽ በሰዓት ነው አሉ የሚከራየው። እኔ ሰዓት እያየሁ ማልቀስ አለመድኩም።»

ሰው ሳቀ።

«እማማ፣ ለሞት ብለን ኑሯችንን እንተው?»

«ለሞት ማን አለህ? ለቀሪው ነው እንጂ። ለሟችማ ሳጥን ይበቃዋል።»

ባሻ ጥላዬ ወደ ሚስታቸው ጠጋ ብለው «ምን ይላል አጥናፉ?» አሉ።

«ሱቅ ልስጣችሁ ይላል» አሏቸው በጆሯቸው።

«ታዲያ ተቀበዪዋ!»

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። እጅ ይውጣ ሲባል አብዛኛው ለሱቁ አወጣ። ባሻም አወጡ። እማማ ዘርትሁን የባላቸውን እጅ አይተው የራሳቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

ዋንዛው ተቆረጠ። ጋሽ አጥናፉ ከግንዱ ሳንቃ አስወጥተው ሰፊ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ አሠሩ። ፎቁ አልቆ ቁልፋቸውን የተቀበሉ ዕለት፣ የሱቁን መዝጊያ ያለ ምክንያት ሲከፍቱና ሲዘጉ ዋሉ። የሚያልፈው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለዎት» ይላል፤ እሳቸውም መልሰው ይዘጉና ይከፍታሉ። የደረሳቸው ሱቅ ዋንዛው ከነበረበት ላይ ነው። በስተቀኛቸው የሙሽራ ልብስ የምታከራየው ምንትዋብ፣ በስተግራቸው ጸጉር አስተካካዩ ገቡ። ግድግዳው ቆይቶ ይሠራል ተብሎ ሱቆቹ የተለያዩት በምስማር በተመታ ስስ የኮምፔልሳቶ እንጨት ነበር። የእድሩ ድንኳን ተጣጥፎ ደረጃው ሥር ተወተፈ።

ክረምቱ እንዳለ፣ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ሰሞን፣ ባሻ ጥላዬ ጎሕ ሲቀድ ዐረፉ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ደረጃው ላይ ቆሞ ነፋ። ድምፁ በደረጃው እየወጣና እየወረደ ከየት እንደመጣ ጠፋና፣ ሁሉም የራሱን ሰው ሊያይ ከአልጋው ዘለለ።

ጋሽ አጥናፉ መቃብር የሚቆፍር ሰው ከላኩ በኋላ ወደ ድንኳኑ ሄዱ። አስፋልቱ ዳር እንትከል ቢሉ፣ መንገዱ ሰፍቶ አውቶቡስ ስለሚያልፍበት ትራፊኩ እጁን አወዛወዘ። ጣራው ላይ ቢወጡ የውኃ ታንከር ሞልቶታል። አዳራሽ ቢያስጠይቁ «ዛሬ ስብሰባ አለብን፤ ለከነገ ወዲያ እንያዝላችሁ?» ተባሉ። ባሻ የሞቱት ግን ዛሬ ነው። የእማማ ዘርትሁን ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት።

ከቀብር ሲመለሱ የሆነው ይኸው ነው። ለቀስተኛው ደረጃው ላይ ተሰለፈ። የሚወጣው የሚወርደውን አላሳልፍ አለ። ደረጃው መሐል ተጣብቆ የቀረ ሰው፣ ያገኘውን ሁሉ «እግዜር ያጥናህ» እያለ ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ። ጋሽ አጥናፉ የድንኳኑን ቋሚ ይዘው ከታች ቆመዋል፤ የሚተክሉበት የለም።

እማማ ዘርትሁን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ደረጃውን አዩ፤ ሰዉን አዩ። ከዚያ የመጀመሪያዋ ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«አጥናፉ፣ አትጨነቅ። እኔ እዚሁ እሆናለሁ። የሚወጣም የሚወርድም ያገኘኛል።»

ለጋሽ አጥናፉ ቢወቅሷቸው ይሻላቸው ነበር። አንድ ሰው አሳልፉኝ ብሎ «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ከዚህ ይነሡ» አላቸው። እማማም ነጠላቸውን ሰብስበው ጥግ ያዙ።

ያችን ቃል ጋሽ አጥናፉ በየበረንዳው ያውቋታል። የድንኳኑን ቋሚ አስቀመጡና ሱቃቸውን ከፈቱ። የተቆረጠው ዩኒፎርም እስከ ጣራ ተቆልሏል፤ ሰፍቶ ለማስረከብ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። የስፌት መኪናቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው አውጥተው በረንዳው ላይ አኖሩት። ከዚያ ምስማር መንቀያ ይዘው ወደ ኮምፔልሳቶው ዞሩ።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ምን ሆነው ነው?» አለች ምንትዋብ ከወዲያ።

«ሱቁ ጠበበኝ።»

«ይሄ እኮ የኔም ግድግዳ ነው።»

«አዎ፣ ያንቺም ነው።»

ምንትዋብ ብቅ ብላ ደረጃውን አየች። ጫማዋን አውልቃ ቬሎውን በክንዷ እየታቀፈች ወደ ጓዳ ማስገባት ጀመረች። ጸጉር አስተካካዩም ግማሽ ጸጉሩ የተቆረጠ ደንበኛውን አስነሣና በስተግራ ያለውን ኮምፔልሳቶ አብረው ነቀሉት። ደንበኛው እንደዚያው ሆኖ አግዳሚ ወንበር ሲያመላልስ ዋለ።

ሦስቱ ሱቅ አንድ ላይ ሲከፈት የቀድሞው ደጅ ልክ ወጣ። ድንኳኑም ሥራ አላጣም፤ ሸራውን ቀደዱና ለለቅሶ የማይሆነውን ሁሉ፣ የጸጉር ቤቱን መስታወት ሳይቀር ሸፈኑበት። ቬሎ ለብሳ የቆመችው አሻንጉሊት መሬቱ ላይ በብሎን የታሰረች ናትና የሚያነሣት ጠፋ። እሷንም ከነራሷ ሸፈኗት። አንድ ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌ ገቡና ፊቷ ቆመው «እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሏት። መልስ ቢያጡ ሄደው ተቀመጡና ለጎረቤታቸው «ያቺ ልጅ እጅግ ተጎድታለች፤ ቃል እንኳ አልወጣትም» አሉ።

እማማ ዘርትሁንን ከደረጃው አንሥተው ከመሐል አስቀመጧቸው። ንፍሮው የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። እማማ እንጨቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ይሄ የኛ ዋንዛ አይደለም እንዴ?»

«ነው» አሉ ጋሽ አጥናፉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

«ባሻ ያገባኝ እኮ ከዚህ ሥር ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ነው እንደ ልባቸው ያለቀሱት።

እስከ ሠልስት ድረስ ሱቁ እንደዚያው ዋለ። ዩኒፎርም ልትወስድ የመጣች እናት ገብታ ተቀመጠች፤ ንፍሮ ቀመሰች፤ የገዛ አባቷን አስታውሳ አለቀሰችና ዩኒፎርሙን ሳትጠይቅ ሄደች። ሌሎቹ ግን ጠየቁ። ጋሽ አጥናፉ በገዛ ሱቃቸው በረንዳ ላይ ሆነው፣ ዝናቡን በጀርባቸው ከልለው ይሰፋሉ። ከሠልስቱ በኋላ እማማን ሊያጫውቱ የሚመጡት ሴቶች አዝራሩን ተካፍለው ባይተክሉላቸው ኖሮ ትምህርት ቤት ተከፍቶም ባላለቀ።

የባሻ አርባ ካለፈ በኋላ እማማ ዘርትሁን ከፎቅ ሲወርዱ ጋሽ አጥናፉን ኮምፔልሳቶው ሥር ተንበርክከው አገኟቸው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ማጠፊያ እገጥማለሁ። በምስማር ብመታው ነገ ደግሞ መንቀል ነው። አሁን ተጣጥፎ ይከፈታል።»

«ለማን ልትከፍተው?»

ጋሽ አጥናፉ ብሎኑን ማጥበቅ ቀጠሉ።

«ለእኔ ነዋ» አሉ እማማ።

«ለሰርግም ይሆናል፣ እማማ» አለች ምንትዋብ ከወዲያ ማዶ። «ቬሎ እንደሆነ አለሁልዎ።»

እማማ ዘርትሁን ከባሻ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸው እስኪበርድ የዋንዛውን ጠረጴዛ ተደግፈው ቆዩና፣ የተንበረከኩትን ልብስ ሰፊ ትከሻ መታ መታ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «አይ አጥናፉ፣ ደጁን ሰጥቶ ሱቅ፣ ሱቁን ዘግቶ ደጅ።»