የጨው መንገድና የአህያ ጆሮ

አንድ ጊዜ፣ ዝሆኖች የጨው ድንጋይ ከቆላ ወደ ደጋ እየጎተቱ በሚያመጡበት ዘመን፣ ንጉሡ አያ አንበሶ አዲስ መንገድ ሊያሠራ አሰበ። አሮጌው መንገድ ተራራውን ስለሚዞር ጨው ቶሎ አይደርስም ነበር። አዲሱ ግን በጨፌው መካከል ቀጥ ብሎ ያልፋል። ጨፌው ደግሞ የአራዊት መውለጃ፣ የወፎች መታቀፊያ፣ የደከመው ሁሉ ማረፊያ ነበር።

የሥራው አለቃ ጅብ ነው። መንገዱ ያለቀ ዕለት ከንጉሡ አደን አንድ ሙሉ ጎድን እንደሚሰጠው ቃል ስለተገባለት፣ ከሁሉም ይልቅ የቸኮለው እሱ ነበር። ገና ሥራው ሲጀመር ከመንገዱ ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ ገባ። «ከሸክም የሚወድቅ ነገር ካለ ቀድሜ አነሣለሁ» ብሎ ነው።

አንበሳን ግን አንድ ነገር ከነከነው።

«ድንጋዩ በግንድ ላይ ሲጎተት የሚያሰማው ድምፅ ቀላል አይደለም» አለ። «ለሙከራ ጥቂት ቀን ይጎተትና፣ የማንን ጤና እንደሚጎዳ አንድ ሰሚ ሄዶ ያጣራ። ጆሮ ያለው ማነው?»

እንስሳቱ ሁሉ ወደ አህያ ዞሩ።

አህያ አንገቱን ደፋ። «ጌታዬ፣ ጆሮዬስ ትልቅ ነው። ያስተውላል ብዬ ግን አልምልም።»

«እሜቴ ቀበሮ ታግዝሃለች። ግን ስማ፤ ጨው የሁሉም ነው። መንገዱን በከንቱ ካስቆምክ ለጅብ እሰጥሃለሁ።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ኧረ ጌታዬ፣ ቀድመው ቢሰጡኝስ? በባዶ ሆድ ሥራ አይሆንም እኮ!»

ሁሉም ሳቁ። አህያ ብቻ አልሳቀም።

በማግሥቱ ሙከራው ተጀመረ። ዝሆኖቹ ሲጎትቱ ግንዱ ግርርር ይላል፤ ድንጋዩ እየነጠረ ግው! ግው! ይላል። አህያ ገና እንደሰማው ጆሮው ውስጥ ንብ የገባ መሰለው፤ ልቡም ደለቀ። ወዲያው ግን ራሱን ተጠራጠረ። «የእኔ ጆሮ ረጅም ነው። ለእኔ የበዛው ለሌላው ልክ ሊሆን ይችላል። በራሴ ጆሮ ብፈርድ ስሕተት ነው» ብሎ አሰበ።

ቀበሮ ግን ጊዜ አላባከነችም። እንቁላል ታቅፋ የተኛችውን ቆቅ ጠየቀቻት።

«እሜቴ ቆቅ፣ የንጉሡ መንገድ ይረብሽሻል እንዴ?»

«ኧረ ምን ሊለኝ! ጨው ይዞ የሚመጣ ድምፅ አይጠላም። ደህና ነኝ።»

ወደ ሚዳቋ ዞረች። ሚዳቋም ግልገሏን ወደ ጎኗ እያስጠጋች፣ «ተመስገን ነው። በእኔ ምክንያት አገር ጨው ይጣ? ኧረ ነውር ነው!» አለች።

«አለቀ!» አለች ቀበሮ። «ሁሉም ደህና ነው። አያ አህዮ፣ ሄደን እንናገር።»

«ትንሽ ልቆይ።»

«ምን ቀረህ?»

«ያሉትን ሰምቻለሁ። የሆኑትን ግን ገና አላየሁም።»

«ኤዲያ! የጅብ ራት መሆን አምሮሃል!» ብላ ጅራቷን እየነሰነሰች ሄደች። ለካ ከጎድኑ እኩሌታውን ሊያካፍላት ከጅብ ጋር ተስማምታ ኖሯል።

አህያ ሣር የሚግጥ መስሎ ቀረ። ድንጋዩ ግው ሲል ቆቅ ከእንቁላሎቿ ላይ ብድግ አለች። ዝሆኖቹ ርቀው እስኪሄዱ ድረስ አልተቀመጠችም። አህያ ጠጋ ብሎ እንቁላሎቹን በአፍንጫው ነካ። ቀዝቅዘዋል።

«እሜቴ ቆቅ፣ ለምን ተነሣሽ?»

«እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው። አንተ ደግሞ!» አለች፣ ዐይኗን እየሰበረች።

አህያ አሁንም ተጠራጠረ። «አጋጣሚ ሊሆን ይችላል» ብሎ ሌላ ሸክም እስኪያልፍ ጠበቀ። እንደገና ብድግ አለች። በሚቀጥሉት ቀናትም እንደዚያው። ዝሆኖቹ ሲያርፉ ግን ንቅንቅ አላለችም። የሚዳቋ ግልገልም ድምፁ በመጣ ቁጥር ጡቱን ለቆ ይሸሻል፤ ጎኑ ሲታይ አጥንቱ ይቆጠራል። አህያ ይህም አልበቃውም። ድምፁ ወደማይደርስበት ወደ ጨፌው ጫፍ ሄዶ የሌሎቹን አየ። እዚያ እንቁላሉ ሞቃት፣ ግልገሉ ወፍራም ነበር።

ሲመለስ ሚዳቋን ቀስ ብሎ ጠየቃት። «እውነቱን ንገሪኝ፣ እሜቴ።»

ሚዳቋ ግራና ቀኝ አየች። «ወተቴ እየደረቀ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ግን እንዴት ብዬ ልናገር? ጨው ለሁሉም የሚመጣ ነገር፣ እኔ ብቻዬን ላለቅስ?»

የፍርዱ ቀን ደረሰና ሁሉም ንጉሡ ፊት ተሰበሰቡ። ቀበሮ ቀድማ፣ «ጠይቄያለሁ፤ ደህና ያልሆነ የለም» አለች። ቆቅና ሚዳቋ አቀረቀሩ።

አህያ ወደ ፊት ወጣ። «ጌታዬ፣ ልሳሳት እችላለሁ። ግን አፋቸው ደህና ነኝ ሲል ገላቸው አይደለሁም ይላል። ድምፁ ...»

«ውሸት!» ብሎ ጅብ ዘለለ። «እኔ ራሴ ከመንገዱ ዳር አይደል የምተኛው? እንደምታውቁት የእኛ ዘር እንቅልፉ በቀን ነው። ምን ሆንኩ? ጌታዬ፣ በገቡት ቃል መሠረት አህያውን ይስጡኝ!»

አንበሳ አህያን ትክ ብሎ አየው። «ምን ትላለህ?»

አህያ የጅብን ፊት ተመለከተ። ዐይኑ ደም መስሏል፤ አንገቱ እየዘነበለ ይቃናል።

«ጌታዬ፣ እኔን አይመኑኝ» አለ። «አያ ጅቦን ብቻ ጥቂት ይስሙት። አያ ጅቦ፣ እስቲ ስለ እንቅልፍህ ንገረን።»

«እንቅልፌማ ... ምን የመሰለ ነው» አለ ጅብ። «ድንጋዩ ግው ሲል ... እንደ እሹሩሩ ነው የሚሰማኝ ... ለጥ ብዬ ... ጎድኔን ... አቅፌ ...»

አንገቱ ወደቀ። ጅብ በንጉሡ ፊት፣ ቆሞ፣ ማንኮራፋት ጀመረ!

ያን ጊዜ ከሩቅ ዝሆኖቹ የመጨረሻውን ሸክም ይዘው ብቅ አሉ። ግው! ጅብ በርግጎ ዘለለ። «ጎድኔን! ጎድኔን ወሰዱብኝ!» ብሎ ያገኘውን ነገር በጥርሱ ያዘ። የያዘው የቀበሮን ጅራት ነበር።

«ልቀቀኝ አንተ ደደብ!» ጮኸች ቀበሮ። «ድምፁ ነው! የመንገዱ ድምፅ ነው!»

አንበሳ ዝቅ ብሎ አያት። «የትኛው ድምፅ? ማንንም የማይረብሸው?»

ቀበሮ ጅራቷን አስለቅቃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ቆቅ ግን አንገቷን ቀና አደረገች። «ጌታዬ፣ እንቁላሎቼ እየቀዘቀዙብኝ ነው» አለች። ሚዳቋም ስለ ወተቷ ተናገረች። ከዚያማ ማን ዝም ይበል? አንዱ ራስ ምታቱን፣ ሌላው የልቡን ምት ሊናገር ተጋፋ።

«ጨውስ ይቅር?» አለ አንበሳ።

«የለም ጌታዬ» አለ አህያ። «ከጨፌው ጫፍ ካለው ጉብታ ወዲያ ድንጋያማ ሸለቆ አለ። የሚወልድበትም የሚታቀፍበትም የለም። ከዚህ ትንሽ ይረዝማል፤ ከአሮጌው መንገድ ግን ያጥራል። ተሳስቼ ካልሆነ።»

አልተሳሳተም። መንገዱ ወደ ሸለቆው ዞረ፤ ጨውም ደረሰ። ጨፌው ጸጥ ባለ ዕለት ሚዳቋ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ግልገሏም እስኪጠግብ ጠባ። ከቆቅ እንቁላሎች ጥቂቶቹ ቀሩ፤ የሚበዙት ግን ተፈለፈሉ። ጅብ ጎድኑን አላገኘም፤ እንቅልፉን ግን አገኘና ቀኑን ሙሉ አንኮራፋ።

አንበሳ በጨፌው ሲያልፍ አህያን ሣሩ ላይ ተጋድሞ አገኘው።

«እህሳ፣ ምርመራህ አለቀ?»

«ያለቀ ይመስለኛል፣ ጌታዬ። ብቻ ሸለቆው ዳር የሚኖር ሽኮኮ እንዳለ አንዴ ሄጄ ብሰማ ...»

«ነገ ትሄዳለህ» አለ አንበሳ እየሳቀ። «ዛሬ ተኛ።»

አህያም ሙከራው ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱን ጆሮዎቹን አጥፎ ተኛ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለአገር የሚጠቅም ሥራ እንኳ ማንን እንደሚጎዳ ለማወቅ፣ በይሉኝታ «ደህና ነኝ» የሚለውን አፍ ከመስማት አልፎ ኑሮውንና ገላውን ታግሦ ማየት እንደሚገባ ነው።