በየማታው ላም የሚወልድበት ቤት

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ምነው ድምፃችሁ ቀዘዘ? በረቱ ባዶ ነው እንዴ? በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ እግርህን ሰብስብ። አንቺም ያን ስልክ አስቀምጪው። እሱ ወሬ አያልቅበትም፤ እኔ ግን ይደክመኛል።

በድሮ ዘመን፣ ሰው ማታ ማታ ፊት ለፊት ተቀምጦ በሚጫወትበት ዘመን፣ አያ ሽባባው የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ሚስታቸው እሜት ጠጄ ይባላሉ። ከብታቸው ለወሬ የሚበቃ አልነበረም። ግን ገበጣ ነበራቸው። ከዋንዛ እንጨት የተጠረበ ነው። ጉድጓዶቹ ከእጅ ብዛት ለስልሰዋል። ከብት ገብቶ እራት ከተበላ በኋላ ገበጣው ይወጣል። ከዚያም ጎረቤታቸው አያ ጓዴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጣሉ። ልጆች ይከባሉ። ገሚሱ ለአያ ሽባባው ያዳላል፣ ገሚሱ ለአያ ጓዴ። ጠጠሩ ሲንኳኳ፣ ሳቁ ሲደራ፣ ምሽቱ እንዴት እንዳለፈ አይታወቅም። ኧረ ያ ምሽት! የኔም አባት ቤት እንዲሁ ነበር። ያ የጠጠር ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል።

በዚያ አገር ጨዋታው እንዲህ ነው። ጠጠሩን ከአንዱ ጉድጓድ ታፍሳለህ። በየጉድጓዱ አንድ አንድ እየጣልክ ትዞራለህ። ጉድጓድህ አራት ሲሞላ «ላሜ ወለደች!» ብለህ ትጮህና ጠጠሩን ትወስዳለህ። ካልጮህክ የለህም። ስለዚህ ሁሉም ይጮሃል። አያ ሽባባውማ ሲጮሁ ውሻው ከደጅ ይመልስላቸው ነበር።

አያ ሽባባው ምንይችል የሚባል ልጅ ነበራቸው። ለሱም ከሩቅ ቆላ ስመኝ የምትባል ልጅ አጭተው ዳሩት። ጎጆም ከአጥሩ ማዶ ቀለሱላቸው። ያኔ ሙሽራ ዓመት ሳይሞላት ካማቶቿ ማዕድ አትቀርብም። ፊቷን ትሸፈናለች፣ ድምፅዋንም አታሰማም። ታዲያ ሲመሽ ምንይችል፦ «አባቴ ዘንድ ብቅ ብዬ ልምጣ» ይላል። ብቅ ማለት አያችሁ! ስመኝ ከጉልቻው ጋር ቁጭ ብላ ታመሻለች።

አንድ ማታ እንደዚያው ተቀምጣ ሳለ ካጥሩ ማዶ፦ «ላሜ ወለደች!» የሚል ድምፅ ሰማች። ደስም አላት። በእሷ አገር ላም ስትወልድ የመጀመሪያው እንገር የሚላከው ለሙሽራ ነው። እንገር ላም እንደወለደች የምትታለበው ወፍራም ወተት ነው። እናንተ የከተማ ልጆች የት ታውቁታላችሁ። እንገር የተላከላት ሙሽራ የቤቱ ልጅ ሆነች ማለት ነው። ያልተላከላት ግን እንግዳ ናት።

ስመኝም ቅሏን አጥባ ጠበቀች። ነጋ። እንገር የለም። «ረስተውኝ ይሆን?» ብላ ማንን ትጠይቃለች? በማግስቱ ማታ፦ «ላሜ ወለደች!» ተባለ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ድምፅ፦ «የኔም ወለደች!» አለ። ከዚያም ሳቅ ሆነ። ስመኝ ጆሮዋን አላመነችም። ምን ዓይነት የተባረከ ቤት ነው!

ምንይችል ሲመለስ ፊቱ በርቷል። ጋቢውን እያወለቀ፦ «ዛሬስ ላሞቼ ተራ በተራ ወለዱልኝ!» አላት።

«ላሞቼ?» አለች በሆዷ። የራሱ ላሞች እንዳሉት እንኳ አልነገራትም። በአፏ ግን፦ «እሰይ፣ ይባረክልህ» አለች። እሱም እሷ የምትለው ሌላ፣ እሱ የሚለው ሌላ መሆኑን ሳያውቅ ተኛ።

ጠይቂው አትሉም? እንገር ተለምኖ አይበላም። የለመነች ሙሽራ ስሟ እስከ ልጅ ልጇ ይነሳል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ጠዋት እሳት ልትጭር እሜት ጠጄ ቤት ስትሄድ በረቱን በዓይኗ ሰረቀች። ጥጃ የለም። መናጫውን አሸተተች። ደረቅ ነው። ታዲያ ይሄኔ ልቧ መመለስ ነበረበት። እሷ ግን፦ «ደብቀውታል። ቀን ሌላ ቦታ ያስሩታል፣ ማታ ተደብቀው ይንጣሉ» አለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የጠረጠረም እንቅልፍ አጣ።

እንዲህ እንዲህ እያለች ከሳች። እሜት ጠጄ አዩዋትና በደስታ፦ «ጎሽ፣ ፅንስ ነው» ብለው ዝም አሉ። አንዱም ሳይጠይቅ፣ አንዱም ሳይናገር ክረምቱ አለፈ።

መስከረም ሲጠባ የአገሯ ሰዎች ጨው ጭነው መጡ። ስመኝም፦ «ስትመለሱ ጥሩኝ፤ አብሬያችሁ ወደ እናቴ እወርዳለሁ» አለቻቸው። እነሱም፦ «ነገ ጎህ ሲቀድ ባጥርሽ እናልፋለን» አሏት። እቃዋን በእንቅብ ከተተች። ግን ሳይሰናበቱ መውጣት አሳዳጊ ያሰድባል። ስለዚህ ሲመሽ፣ ምንይችል እንደ ልማዱ ብቅ ሊል ከሄደ በኋላ፣ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ካማቶቿ ደጅ ደረሰች። እግሯ ደጃፉን ሲረግጥ ከውስጥ፦ «ላሜ ወለደች!» ተባለ።

ይሄኔ አንጀቷ ተቆረጠ። ገባችና እንደተሸፈነች፣ መሬት መሬት እያየች፦ «እሜቴ፣ ደህና ይሁኑ። ነገ ወደ አገሬ እሄዳለሁ» አለች።

እሜት ጠጄ ደንግጠው፦ «ምነው ልጄ፣ ማን ምን አለሽ?» አሉ።

«ማንም ምንም አላለኝ። ክፉ ነገር ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ላሞቻችሁ ሲወልዱ ሰማሁ። አንድ ቀን፣ አንድ ቅል እንገር፣ ለስመኝ ያለ የለም። እኔ የዚህ ቤት ልጅ ካልሆንኩ ለእናቴ ልጅ ልሁን።»

ከዚያም አያ ጓዴ ፍርፍር ብለው ሳቁ። ልጆቹም ተከተሉ። ስመኝ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ስታይ ላም የለ፣ ጥጃ የለ። ገበጣ ነው! ገበጣማ ታውቃለች። ከወንድሞቿ ጋር ስትጫወት ነው ያደገች። ግን በእሷ አገር አራት ሲሞላ «ዘጋሁ!» ነው የሚባለው እንጂ ላም የሚባል ነገር የለም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ለመሮጥም ዞረች።

«ቁጭ በይ!» አሉ አያ ሽባባው። እሷን ከመጣች ጀምሮ ሲያናግሯት ያ የመጀመሪያቸው ነው። ወደሚስቁት ዞረው፦ «ዝም በሉ! የሚሳቅብንስ እኛ ነን። ልጃችን ካጥር ማዶ ሳቃችንን እየሰማች ከረመች። ነይ ያላት ማን ነው? ላሟ የጠጠር ብትሆን ጥፋቱ የጠጠር አይደለም» አሉ። ወደ ልጃቸውም፦ «አንተ! ሚስትህን ከጉልቻ ጋር ትተህ ከጠጠር ጋር ታመሻለህ። አባትህም አላየሁ፣ ያው ነን» አሉት። ምንይችል አንገቱን ደፋ።

ከዚያም አያ ሽባባው ከመደቡ ተነሱ። ያን ቦታ ለዳኛም ለቄስም ለቅቀው አያውቁም። «ነይ፣ የኔን ወገን ያዢ» አሏት።

«ኧረ ልማዱ!» አሉ እሜት ጠጄ።

«ልማዱ ልጄን ሊወስድብኝ ነው» አሉ ሰውዬው። ይሄኔ እሜት ጠጄ ራሳቸው ነጠላውን ከፊቷ አነሱላት።

ስመኝ ተቀመጠች። እጇ ጠጠሩን ሲነካ አስታወሰ። አፈሰች። ዞረች። አያ ጓዴ ሳቃቸውን ረሱት። እንደገና አፈሰች፣ ዞረች፣ የመጨረሻዋን ጠጠር ጣል ስታደርግ ጉድጓዷ አራት ሞላ።

ቤቱ ሁሉ አፍ አፏን አየ። «ዘጋሁ» ካለች ነገ ጎህ ሲቀድ ሄዳለች ማለት ነው። ስመኝም እጇን በጠጠሩ ላይ እንዳደረገች ቆየች። ከዚያም ቀስ ብላ፦ «ላሜ ወለደች» አለች።

አያ ሽባባው ጆሯቸውን ወደሷ አዘንብለው፦ «አልሰማሁም» አሉ።

«ላሜ ወለደች!» አለች፣ ቀና ብላ፣ በሙሉ ድምፅዋ። ውሻው ከደጅ ጮኸ። እሜት ጠጄ እንባቸውን እየጠረጉ እልል አሉ። አያ ጓዴ ግን፦ «ይቺን ከቆላ ያመጣችኋት እኔን ለማሸነፍ ነው!» ብለው አጉረመረሙ።

ጎህ ሲቀድ ባለጨዎቹ ባጥሩ ቆመው፦ «ስመኝ! እንሂድ!» ብለው ተጣሩ።

እሷም ከውስጥ፦ «እናንተ በሰላም ግቡ! እኔ ቀርቻለሁ። እናቴንም ላሟ ወለደች በሏት!» አለች።

እነሱም ቃሏን አድርሰው ለእናቷ ነገሩ። እናቷም ደስ ብሏት ቅሏን አጠበች። ይኸው እንገሩን እስከ ዛሬ እየጠበቀች ነው ይባላል።

ተረቴን ለጎረቤት አድርሱ፣
የኔን አፍ በጭኮ አብሱ።